ኮምቦልቻ፦ ጓደኛዬ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከፍራሽ አልተነሳችም። የት ነው የሚኬደው?

ፍራሽ_ተጋሪዋ · እሁድ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜንም ግቢያችንንም አልጽፍም። ኮምቦልቻ ነን። ሁለታችንም ተማሪ ነን፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ጓደኛዬ ትናንት ከአንድ ልጅ ጋር ወጥታ ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሲኒየራችን ነው። አንድ ወር ያህል አብረው ሻይ ቡና ሲሉ ነበር። ማታ በባጃጅ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። ሌሊት ስታለቅስ ሰምቼ ብጠይቃት «ተይኝ» አለችኝ። ዛሬ ቀትር ላይ ነው ቀስ በቀስ የነገረችኝ። የሰጣትን ጁስ ከጠጣች በኋላ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። የሆነውን ዘርዝሬ አልጽፍም፣ ይገባችኋል።

አሁን ገላዬን ካልታጠብኩ እያለች ነው። ፖሊስ ጋ እንሂድ ስላት ትንቀጠቀጣለች። ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው። ከሰሙ ከትምህርት ያስቀሩኛል ብላ ነው የምትፈራው። ዛሬ እሁድ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ጀንደር ቢሮም (የሴቶች ጉዳይ ቢሮው) ዲንም የለም። እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እባካችሁ።

ደሴ_ነርስ · 1፡48

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከሆነ ስንት ሰዓት አለፈው? ሌላውን ለጊዜው ተይው።

ፍራሽ_ተጋሪዋ · 1፡50

ትናንት ማታ 4 ሰዓት አካባቢ።

ደሴ_ነርስ · 2፡05

እሺ። 22 ሰዓት ሆኖታል። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ፔፕ ይባላል። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለእናንተ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ግን «እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለን» እንዳትይ። ዛሬ የተጀመረውና ማክሰኞ የተጀመረው እኩል አይደለም። በየሰዓቱ አቅሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ከጀመረችው 28 ቀን ሳታቋርጥ ትወስዳለች።

እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። ፖስት ፒል የምትሉት ነው። እሱም ቶሎ ሲሆን ነው የሚበልጠው። ይሄን ከፋርማሲም ታገኙታላችሁ። ፔፕ ግን ከሐኪም ነው። የኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ሁሉ መድኃኒቱ አለው። የአባላዘር በሽታ መከላከያና የጉበት ቫይረስ ክትባት እዚያው ይታያል።

መታጠቡን በተመለከተ፦ ከተቻለ ሐኪም እስኪያያት ትቆይ። ከታጠበችም አበቃ ማለት አይደለም፣ እንዳትቆጪያት። የትናንት ልብሷን እንዳታጥቡት። በፌስታል አትቋጥሩት፣ ይረጥብና ይሻግታል። ካኪ ወረቀት ውስጥ አድርጉት፣ የውስጥ ልብሱን ለብቻ። ካኪ ካጣችሁ ጋዜጣም ይሆናል። ጁሱ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር ብላ ከጠረጠረች ሐኪሙ ጋ እንደገባች መጀመሪያ የምትናገረው ይሄንን ይሁን። እንዲህ ያለ ነገር በሽንት የሚገኘው ለአጭር ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ዋናው። ለመታከም ፖሊስ ጋ መሄድ አያስፈልጋትም። ብዙ ልጆች በዚህ ምክንያት ነው 72ቱን ሰዓት የሚያሳልፉት። የፖሊስ ደብዳቤ የሚጠየቀው ፍርድ ቤት ለሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ ነው። መድኃኒቱ ያለ ምንም ደብዳቤ ይሰጣል። በሩ ላይ ያለ ሰው «መጀመሪያ ደብዳቤ» ካላችሁ አትመለሱ። «እኔ የመጣሁት ልታከም ነው» በሉና የተረኛውን ሐኪም ጥሩ። መክሰስ አለመክሰሱን ነገ ታስብበታለች፣ ከነገ ወዲያም ታስብበታለች። መድኃኒቱ ግን አይጠብቃትም።

ግልጽ_ሰው · 2፡20

ለሁሉም እናዝናለን። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ማታ 4 ሰዓት ከወንድ ጋር ምን ትሠራ ነበር? እኛ ወሎዎች ነን፣ ባህል አለን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ነገሩን በኢንተርኔት ከማውጣት ዝም ማለት ለእሷም ይሻላታል።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ · 2፡31

ወንድሜ፣ ዝም ይነቅዛል። እኔ አራት ዓመት ዝም ብዬ አይቼዋለሁ። ቆይቼ እጽፈዋለሁ። አሁን ልጅቷ ሐኪም ጋ እስክትደርስ ይህን የውይይት ክር በክርክር አትሙሉት። ማታ 4 ሰዓት ምን ትሠራ ነበር ብለህ ከጠየቅክ ልጁንም ጠይቅልን፣ እሱም በዚያ ሰዓት እዚያው ነበር።

ፍራሽ_ተጋሪዋ፣ አብሽሪ። አብረናት ነን በያት። ማታ ስለሆነ ደሴ ካልሄድን ብላችሁ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ውስጥ እንዳትገቡ። የመጀመሪያውን መድኃኒት እዚያው ኮምቦልቻ ድንገተኛ ክፍል ጀምሩ።

ፍራሽ_ተጋሪዋ · 4፡50

ጤና ጣቢያ ነን። ሰጥተዋታል። ከእጄ ላይ ውኃ ተቀብላ ስትውጠው አለቀስኩ።

እንዴት እንደወጣን ልንገራችሁ። አከራያችን ማታ 3 ሰዓት ላይ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ትራሳቸው ሥር ነው የሚያደርጉት። እኔ ደግሞ ምን ብዬ እንደምቀሰቅሳቸው ጨነቀኝ። «እትዬ፣ አሟት ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ እሷን አዩዋት። አንድም ነገር አልጠየቁም። ሻርፓቸውን ጣል አድርገው የእህታቸውን ልጅ ደወሉለት፣ ባጃጅ አለው። እሳቸውም አብረውን መጡ። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ ሲጠይቅ «ለሐኪም የሚነገር ነው፣ አንተ ካርዱን ጻፍ» አሉት። እኔ ብሆን እዚያው ነበር የምመለሰው።

ነርሷ ነገ ደሴ ሂዱ ብላለች።

ደሴ_ነርስ · 4፡58

እግዚአብሔር ይስጣቸው ለእናታችን። መድኃኒቱ ሊያቅለሸልሻት ይችላል፣ ምግብ በልታ ትውሰድ። ሰዓት አታዛንፍ። ስልኳ ላይ ማንቂያ ሙሉላት።

ነገ ደሴ ስትመጡ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው የምትሄዱት። ሰው ዛሬም «ሪፈራል» ነው የሚለው፣ ለባጃጁ እንደዚያ በሉት። ውስጥ ስትገቡ «ዋን ስቶፕ ሴንተር የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች የሚታዩበት ማዕከል ነው። ሐሳቡ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ እንዲገኙ ነው። አንድን ነገር አራት ቢሮ ዞራ ለአራት ሰው አትደጋግምም። ፖሊሱን ማናገር ካልፈለገች አታናግርም። ልብሱን ይዛችሁ ኑ።

ፍራሽ_ተጋሪዋ · ሰኞ ጠዋት 1፡15

ሚኒባስ ውስጥ ነን። ሐረጎን እየወጣን ነው፣ ጉሙ ገና አልለቀቀም። ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። እትዬ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ አስይዘውናል። ካኪው ጭኔ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ እሱን የሚያይ እየመሰለኝ ነው።

ሕግ_አራተኛ_ዓመት · ሰኞ 4፡00

ማታ ተኝቼ ነበር፣ ይቅርታ። ከሕጉ በኩል ጥቂት ልበል።

ግልጽ_ሰው «ምን ትሠራ ነበር» ብሏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። የሚለው በግልጽ ቋንቋ ይሄ ነው፦ በኃይል፣ ወይም በከባድ ማስፈራራት፣ ወይም ራሷን እንድትስት አድርጎ፣ ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ ከጋብቻ ውጭ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። «ራሷን እንድትስት» የምትለዋን ልብ በሉ። የጁሱ ነገር የሚገባው እዚያ ነው። ቀጠሮ መሄድ፣ ሻይ መጠጣት፣ ፍቅረኛ መሆን የትም ቦታ እንደ ፈቃድ አልተጻፈም። ልጅቷ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች፣ ወይም ብዙ ሆነው ከሆነ፣ ወይም አድራጊው በትምህርት ቤት በእሱ ሥልጣን ሥር ያለችን ልጅ ደፍሮ ከሆነ ጣሪያው 20 ዓመት ይደርሳል።

ይህን አይነቱን ወንጀል የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። እሷ ምስክር ናት። «ክሱን ተይው» ብሎ የሚለምናት ሰው ሲመጣ ይሄን ትንገረው፣ በእጇ ያለ ነገር አይደለም።

ጠበቃ ለማማከር ገንዘብ የለንም ካላችሁ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሌላ ግቢ ተማሪ ብትሆኑም ሂዱና ጠይቁ። በስልክ ማውራት ከፈለገች ደግሞ 6388 አለ። አለኝታ ይባላል፣ ሴታዊት የተባለው የሴቶች መብት ድርጅት የከፈተው ነፃ መስመር ነው። ከማያውቋት ሰው ጋር ማውራት ለአንዳንዱ ይቀላል።

ጀግና_22 · ሰኞ 4፡25

ለምን ታባብላላችሁ? ስሙን ጻፉትና ፎቶውን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው። በአንድ ቀን ያልቅለታል።

አወያይ · 4፡40

ጀግና_22 በሁለተኛ አስተያየቱ አንድ ስም ጽፎ ነበር፣ አጥፍቼዋለሁ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ስሙ ሲወጣ በማግሥቱ «ከማን ጋር?» ተብሎ የእሷ ይወጣል። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት። ልጁም «ስሜ ጠፋ» ብሎ መልሶ የሚከስበት በር ታገኙለታላችሁ። የማንንም ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ስልክ አትጻፉ። አድራሻ የምትጠቁሙ የቢሮ አድራሻ ብቻ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ · ሰኞ 8፡10

ቃል ስለገባሁ ልጻፍ። የተማርኩት ሌላ ከተማ ነው፣ ግቢውን አልጠራም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ነበር። መጀመሪያ ጥሩ ሰው ነበር። «ጎበዝ ነሽ፣ ለማስተርስ አስቢ» ይለኛል። ከዚያ ቴሌግራም ላይ መጻፍ ጀመረ። በመጀመሪያ ስለ አሳይመንት፣ ቀጥሎ ስለ ፎቶዬ፣ ቀጥሎ «11 ሰዓት ላይ ቢሮ ነይ፣ ውጤትሽን እንነጋገራለን»። 11 ሰዓት ማለት ሕንፃው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። አልሄድኩም። የመሐል ፈተና ውጤቴ ሲለጠፍ ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆንኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጽፍ «ሄደሽ ምን እንደሚል ስሚው» ያለችኝ የራሴ ዶርም ጓደኛ ናት። ክፋት አልነበራትም፣ ስኮላርሺፕ እንዳያመልጠኝ ነው።

ሄድኩ። በሩን ቆለፈ። ወንበር ገፍትሬበት ወጣሁ። ከዚህ በላይ አልሆነም። ግን ለአንድ ሴሚስተር ያንን ሕንፃ ዞሬ ነበር የማልፈው፣ ክላስ ያለኝ እዚያ እያለ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፣ ሳልከሰው መቅረቴ አይደለም። የተጸጸትኩበት መልእክቱን አለማስቀመጤ ነው። ጊዜው ሲመሽ ሰውየው ሁሉንም ጽሑፍ ከሁለታችንም ስልክ አጠፋው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል። ያን ያወቅኩት ባዶ ሆኖ ሳየው ነው። ጀንደር ቢሮ ስሄድ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ቢሮዋ ያለችው ሴትዮ አመነችኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ግን «ማስረጃ» አለ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ስክሪንሾት አንሱ። ከስሙና ከቁጥሩ ጋር፣ ቀኑ እንዲታይ። የሌላ ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡት። ቢቻል በሌላ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ገጹን ከላይ እስከ ታች አሳልፉት። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳለ ደብተር ላይ ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ ልትተዉት ትችላላችሁ። ካልጻፋችሁ ግን በኋላ ብትፈልጉም የለም።

ሕግ_አራተኛ_ዓመት · 8፡45

እንዲህ ላለው መምህር የተጻፈ አንቀጽ አለ፣ 625። የሴትን ችግር ተጠቅሞ፣ ወይም በአሳዳጊነት፣ በመምህርነት፣ በአሠሪነት ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ግንኙነት ወይም ሌላ አሳፋሪ ድርጊት የፈጸመ ሰው በእስራት ይቀጣል። «መምህር» የሚለው ቃል በስሙ ተጠርቶ ነው ያለው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው የሚንቀሳቀሰው የተበደለችው ሴት አቤት ስትል ነው። ጊዜውም አጭር ነው፣ «ከተመረቅኩ በኋላ» ብሎ መቆየት አያዋጣም።

ውጤቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የፈተና ወረቀት በሌላ መምህር እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። በየግቢው ሴኔት ሌጂስሌሽን (መተዳደሪያ ሕጉ) ላይ የተቀመጠ የቀን ገደብ አለው፣ ሬጅስትራር ጠይቁ። በነገራችን ላይ ሌጂስሌሽኑን ተማሪ አያነበውም። ፍሬሽ ሲገባ መታደል የነበረበት እሱ ነው፣ የካፌ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት አይደለም።

ቦርከና_ዳር · ሰኞ ማታ 1፡30

እኔ ኢንጂነሪንግ ነኝ። ኢንተርንሺፕ የወጣሁት አንድ ፋብሪካ ነው፣ ስሙን እተወዋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ «ፎርምሽን የምሞላልሽ እኔ ነኝ» እያለ ነው ያሰቃየኝ። ግቢ ስደውል «ፋብሪካውን ጠይቂ»፣ ፋብሪካ ስጠይቅ «አንቺ የእኛ ሠራተኛ አይደለሽም፣ ግቢሽን ጠይቂ»። ኳስ ሆንኩ። እንደኔ ኳስ የሆነች አለች?

የቀድሞ_ፕሮክተር · 2፡15

አለች፣ ብዙ ናት። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ እኛ አካባቢ ይሄ ጥያቄ በየክረምቱ ይመጣል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1156 ነው፣ አሠሪም ሆነ የሥራ መሪ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ እንዳይፈጽም በግልጽ ይከለክላል። ግን አንቺ ከሁለቱም መሐል ነሽ። ስለዚህ በሁለቱም በር ነው የሚኬደው። ለፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ፣ ለኢንተርንሺፕ አስተባባሪሽ በጽሑፍ፣ ሁለቱንም ለግቢው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ በግልባጭ። በቃል የተነገረ ነገር ነገ «አልሰማሁም» ይባላል። የሰጠሽበትን ቀን ቅጂው ላይ አስፈርሚ። አስተባባሪው ቦታ እንዲቀይርልሽ ጠይቂ። ሰውየው እስኪቀጣ እዚያ እየሠራሽ መጠበቅ የለብሽም።

ሴቶች ዶርም ፕሮክተር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀንደር ቢሮ ሰው አያስርም። ተማሪው ያንን ጠብቆ ይሄድና «ምንም አላደረጉም» ብሎ ይወጣል። የሚችሉት ሌላ ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። ዶርም ይቀይራሉ። ሴክሽን ያስቀይራሉ። ፈተና ካመለጣት በሐኪም ወረቀት ሌላ ቀን እንድትፈተን ደብዳቤ ይጽፋሉ። ትምህርት አቋርጣ መመለስ ከፈለገች ዊዝድሮው በወግ ሞልታ እንድትወጣ ያግዛሉ። ይቺን አትናቋት። ሳትሞላ ዝም ብላ አገር ቤት የገባች ልጅ ስትመለስ ትራንስክሪፕቷ ኤፍ በኤፍ ሆኖ ይጠብቃታል። በዚህ ምክንያት የቀሩ ልጆች አውቃለሁ።

ሌላው፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴና ፖሊስ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ኮሚቴው ቢለቀው ፍርድ ቤት ሊቀጣው ይችላል። ፖሊስ ጋ ሳትሄድም ኮሚቴው ተማሪውን ሊያባርር ይችላል። «አንዱን ምረጪ» የሚላት ሰው ካለ ወይ አያውቅም፣ ወይ እንዲያልፍ ይፈልጋል።

ጥያቄ_አለኝ · 2፡40

ወንድ ከሆነስ? ለጓደኛዬ ነው።

ደሴ_ነርስ · 2፡43

ያው 72 ሰዓት፣ ያው መድኃኒት፣ ያው በር። ጓደኛህን ይዘኸው ና። ሕክምናው ወንድ ሴት አይልም።

ፍራሽ_ተጋሪዋ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

ይቅርታ ጠፋሁ። ትናንት ደሴ ሙሉ ቀን ነው የቆየነው። ያየቻት ሐኪም ሴት ናት። እኔን «ግቢ አብረሻት» ብላ አስገባችኝ፣ እጇን ይዣት ነበር። ደም ሰጠች፣ ክትባት ተወጋች። ከ6 ሳምንት በኋላና ከ3 ወር በኋላ ተመልሳ ትመረመራለች። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። እኔ ውጭ ሆኜ የጦሳን ተራራ ሳይ ነበር፣ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ። ስትወጣ «ራበኝ» አለች። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፒያሳ ወርደን ሽሮ በላን።

ፖሊሷን ትናንት አላናገረችም። ማንም አልገፋፋትም። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ «ልናገር» አለችኝ። ተመልሰን ወጣን፣ ቃሏን ሰጠች። ካኪውን ሲቀበሉን ማን እንደነገረን ጠየቁ። አንድ ነርስ አልኳቸው።

ደሴ_ነርስ · 2፡20

ሥራ ላይ ስለሆንኩ ብዙ አልጽፍም፣ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእሷ ሳይሆን ይሄን ክር ዘግይታ ለምታነብ ልጅ። መድኃኒቱን ሳትወስጂ ጊዜው አልፎ እርግዝና ቢመጣ፣ በመደፈር የመጣ እርግዝናን በሕክምና ማቋረጥ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አንቀጽ 551 ነው። ማስረጃው የአንቺ ቃል ብቻ ነው። ፖሊስ ወረቀትም የፍርድ ቤት ወረቀትም አያስፈልግም። መንደር ውስጥ ያለ «አውቃለሁ» ባይ ጋ እንዳትሄጂ፣ ሆስፒታል ሂጂ። 72 ሰዓት ካለፈሽም «አለቀልኝ» ብለሽ አትቅሪ፣ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

ፍራሽ_ተጋሪዋ · ሐሙስ ማታ 3፡10

ዛሬ ሽማግሌ መጣብን። ሦስት ሰው። አንዱ የልጁ አጎት ነው። ልጁ ፖሊስ ጋ ከተጠራ በኋላ ነው ይሄ የመጣው። እኛን አይደለም የጠየቁት፣ እትዬን ነው። «የሁለት ልጆች ጉዳይ ነው፣ በቤታችን እንጨርሰው፣ ካስፈለገም ያገባታል» አሉ።

እትዬ ቡና አፈሉ። ጓደኛዬ ጓዳ ሆና ትሰማለች፣ እኔ ረከቦቱን ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ምንም አላሉም። ከዚያ «ቡናዬን ጠጣችሁ፣ በረካ ይሁንላችሁ። ነገሩ ግን እዚህ ቤት አልተቋጠረም፣ እዚህ ቤት አይፈታም» አሏቸው። አጎትየው «እናቷ ነሽ እንዴ?» አላቸው። «አከራይዋ ነኝ» አሉት።

ግልጽ_ሰው · 3፡25

እሁድ የጻፍኩትን አንብቤ አፈርኩ። እህቴ አሁን ፍሬሽ ናት፣ ደሴ። ዛሬ ይሄን ሊንክ ላክኩላት። ላኪው ማን እንደሆነ እንጂ የጻፍኩት እኔ መሆኔን አላወቀችም።

ሕግ_አራተኛ_ዓመት · 3፡40

«ያገባታል» የሚለው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን አውጥቶ ጥሎታል። ሽማግሌዎቹ ሃያ ምናምን ዓመት የቆየ ዜና አልደረሳቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ቀኑንና የመጡትን ሰዎች ጻፉና ለመርማሪዋ ንገሯት። ማስፈራራት ከተቀላቀለበት 991 ደውሉ። ቤቱ የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ መጠለያ አለ፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር በአማራ ክልልም ከፍቷል። አድራሻው ለሕዝብ አይነገርም፣ ደሴ ማዕከሉ በኩል ነው የሚላኩት።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ · 3፡52

እትዬ ቤት ባዶ ክፍል ካለ እኔም ልከራይ።

ፍራሽ_ተጋሪዋ · ቅዳሜ ማታ 3፡05

ሰኞ ፈተና አለብን። የሐኪም ወረቀቷን ይዘን ጀንደር ቢሮ ሄደን ነበር፣ ለሌላ ቀን ደብዳቤ ጻፉላት። እሷ ግን «ሁለቱን ልፈተን፣ አንዱን ላቆየው» አለች። የሚበዛባት ልጁ ያለበት ሕንፃ ውስጥ የሚሰጠው ነው፣ እሱን ነው ያቆየችው። ለአባቷ አልነገረችም። ለታላቅ እህቷ ነግራለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። ስለ ጉዳዩ ከዚህ በላይ እዚህ አልጽፍም፣ እሷም አትፈልግም።

ክሩን ዛሬ አስነበብኳት። ከሁሉ በላይ ያሳቃት የእትዬና የካርድ ክፍሉ ልጅ ነገር ነው። አንዳንዱን ደግሞ ሳታነብ አለፈችው።

አሁን የስልኳ ማንቂያ ጮኸ፣ 3 ሰዓት ነው። 7ኛው ነው፣ 21 ቀርቷል። እትዬ ከውጭ ሆነው «በልታ ነው ወይ?» እያሉ ነው። ልሂድ።